የካፕ ዴልፊና አሳማና ክፍቱ ባሕር

ካፕ ዴልፊና የኢማንቡ መንደር ሹም ከሆነች ወዲህ ጥርስ በማፋጨት ብዛት አንድ መንጋጋዋን አጥታለች። ይህን የሚሉት ጎረቤቶቿ ናቸው፤ እሷ መንጋጋዬን የበላው ሸንኮራ ነው ትላለች። ያም ሆነ ይህ፣ ከማኒላ በስተሰሜን ርቀው በሚገኙት በባታኔስ ደሴቶች ላይ ከነፋስ በቀር ይህችን ሴት ያላበሳጨ ፍጡር የለም። ነፋሱንም የምትታገሠው ሁለት ጊዜ የጽሕፈት ቤቷን ጣሪያ ነቅሎ ሲሄድ አቤት የሚባልበት ቦታ ስላጣች ነው።

ሹመቱን ያገኘችው ለምና አይደለም። የመንደሩ ሰው ተሰብስቦ «ይቺ ሴት በእኛ ላይ እንዲህ የምትጮህ ከሆነ፣ ብንሾማት በመንግሥት ላይ ትጮህልናለች» ብሎ መረጣት። ከዚያ ወዲህ የአጥር ዘላይ ፍየሎች ነገር፣ የተቆረጠው መብራት ነገር፣ የሰከረ አማች ነገር ሁሉ በሯ ላይ ያድራል። ሰዎች ስሟን ረስተው «ካፕ»፣ «ሹም» እንደማለት፣ ብቻ ይሏታል፤ ባሏ ባሲሊዮ ሳይቀር በፍቅር ሰዓት «ካፕ» ብሎ ጠርቷት ፊቷን አዙራ እንደተኛች መንደሩ በሙሉ ያውቃል። እንዴት እንዳወቀ እሱን ጠይቁት።

ይህን ሁሉ ችላ ትኖር ነበር። ያላወቀችው፣ እሷ የፍየል ዳኝነት ይዛ ስትንገላታ፣ ከዓለም ወዲያኛው ጫፍ ዋሽንግተን ውስጥ ከረባት ያሰሩ ሰዎች በካርታ ላይ ቀስት እየሣሉላት መሆናቸውን ነው።

ከኢማንቡ ዳገት ላይ ወደ ሰሜን የተመለከተ ሰው የሚያየው ውሃ ነው። ከውሃው በስተኋላ ሌላ ውሃ አለ። ከረባት ያሰሩት ሰዎች ግን ይህን ውሃ «የዓለም ጉሮሮ» ይሉታል። ጉሮሮ ደግሞ ያለ ጠባቂ አይተውም፤ ቻይና አንቃ ልትይዘው ትችላለች። ስለዚህ አሜሪካ አሰበች፣ አወጣች፣ አወረደች፣ ስልት ነደፈች፤ የስልቱም ቀስት ሰፊውን ውቅያኖስ አቋርጦ መጥቶ ጫፉ የተተከለው በኢማንቡ የዓሣ ጀልባ ማውጫ ላይ ሆነ። ያቺ ወደብ ተብላ የምትጠራው ቦታ በሁለት ቋጥኝ መካከል ያለች፣ ሦስት ጀልባ ጎን ለጎን ቢቆምባት ባለቤቶቹ የሚሰዳደቡባት የጠጠር ቁራጭ ናት።

ቀስቱን ይዞ የመጣው ሻለቃ ዊትሎክ ነበር። ረጅም፣ ትሑት፣ ፀሐይ አፍንጫውን የላጠችው ሰው ነው። አስተርጓሚው ከማኒላ የተላከው መቶ አለቃ አልካንታራ ሲሆን፣ እሱም የደሴቱን ቋንቋ ከሻለቃው እምብዛም የተሻለ አያውቅም፤ ከመንደሩ ሰው ጋር የሚግባባው በማኒላው ቋንቋ ነው። ዴልፊና የፕላስቲክ ወንበር አወጣች፤ በእርድ ቢጫ የሆነ ሩዝና የተቀቀለ የቦዬ ሥር አቀረበች፤ የዓሣ አጥማጆቹን አለቃ፣ አጎቷን ማራን ሴቬሪኖንም አስጠራች። «ማራን» ማለት አጎት ማለት ነው፤ ሰውየው ግን የሥጋ ዘመዱ ላልሆነውም ሁሉ ማራን ነው፤ በተለይ ሲቆጣ።

«እንግዲህ ማም ካፕ» አለ መቶ አለቃው ካርታውን እየዘረጋ፣ «ሻለቃው የሚሉት፣ የመጡት ይህ ባሕር ነፃና ክፍት ሆኖ እንዲኖር ነው።»

ማራን ሴቬሪኖ ቦዬውን እየላጠ ቀና አለ። «ምን ሆኖ?»

«ነፃና ክፍት።»

«ዝግ ነው» አለ ማራን፣ ወደ ቦዬው ተመለሰ።

ዴልፊና ዓይኗን ጨፈነች። ነገሩ ገብቷታል። በየዓመቱ በመጋቢት ዓሣ አጥማጆቹ አሳማ አርደው ደሙን ለባሕሩ መናፍስት በወደቡ ድንጋይ ላይ ያፈሳሉ። ጉበቱ ለገድ ይታያል። ከዚያ አለቃው «ወደቡ ዝግ ነው» ብሎ ያውጃል፤ ዘንድሮም አውጇል። ከዚያች ቃል በኋላ እስከ ሰኔ ድረስ የባዳ እግር ያንን ጠጠር አይረግጥም፤ ጠብም፣ ስድብም፣ ጩኸትም በላዩ አይሰማም። ዴልፊና ባሏን መገሠጽ ካማራት ዳገቱን ወጥታ፣ እሱንም አስወጥታ ነው። ወደቡ ከረከሰ ግን ጀልባ አይወጣም። ጀልባ ካልወጣ አራዩ የሚባለው ወርቃማ ዓሣ አይያዝም፤ አራዩ ካልተያዘና ካልደረቀ፣ አውሎ ነፋሱ መርከብ በሚያግድበት ወራት ኢማንቡ የሚበላው ቦዬ በቦዬ ነው። ባሲሊዮም፣ ሌሎቹም ወንዶች ከማራን ቃል አይወጡም። ባሕር ላይ ብቻህን ስትሆን፣ ይላሉ፣ ያንን ሕግ መናቅ አያምርህም።

«ሻለቃ» አለች ዴልፊና፣ «ከቋጥኙ ወዲያ ሌላ ሰላጤ አለ። ሰው የለበት፣ ጀልባ የለበት፣ ከፈለጋችሁ ስልታችሁን ከነቤተሰቡ አምጥታችሁ አራግፉበት። ይቺን ቀስት ትንሽ ገፋ አድርጓት።»

ሻለቃው ካርታውን በጣቱ ለካ። በሐዘን ራሱን ነቀነቀ።

«አይቻልም ይላሉ» አለ መቶ አለቃው።

«ምን አይቻልም? ይህችን ያህል እኮ ናት! ያንተን ጣት ታህላለች!»

«ቀስቱ የጸደቀ ቀስት ነው ማም ካፕ። ሃዋይ ያለው የጦር እዝ አጽድቆታል። ዋሽንግተን አጽድቆታል። ማኒላም...»

«ማኒላ ኢማንቡ የት እንዳለች ያውቃል?»

መቶ አለቃው አሰበ። «ካርታው ላይ አይቷል» አለ።

ዴልፊና በዚያ ሳምንት ከገዢው ቢሮ እስከ ጳጳሱ ድረስ ያልደወለችበት አልነበረም። ሁሉም በትሕትና ሰሟት፤ ሁሉም «የሀገር ጉዳይ ነው» አሏት። «እኛስ የማን ጉዳይ ነን?» ስትል መስመሩ ይቋረጣል። በደሴቱ ላይ መስመር በነፋስ ምክንያት ይቋረጣል፤ በዚያ ሳምንት ግን ነፋስ አልነበረም።

አሜሪካኖቹም መጡ። ከባሕር የወጣው ጠፍጣፋ መርከብ አፉን ከፍቶ አንድ ግዙፍ ወታደራዊ መኪና ጠጠሩ ላይ ተፋ። በጀርባው ላይ ሚሳይል የሚተኮስባቸው ቱቦዎች ተደርድረዋል፤ ሚሳይል ግን የለባቸውም፤ ልምምድ ነውና ማሳየቱ ይበቃል። ሻለቃው ድምፅ ማጉያ ይዞ ጠጠሩ መሐል ቆመና በስልቱ ውስጥ ያለውን አነበበ፤ ይህ ባሕር ክፍት ነው፣ ክፍት ሆኖ ይኖራል፣ ለሁሉም ክፍት ነው። ሦስቴ። መልእክቱ ለቻይና ነበር። ከአድማስ ላይ የቆመው ነጭ የቻይና መርከብም በራዲዮው ባሕሩ ከጥንት ከአያት ቅድመ አያት ጀምሮ የቻይና መሆኑን መለሰ።

ዳገቱ ላይ ቆሞ የሚያየው ማራን ሴቬሪኖ «አንዱ ክፍት ነው ይላል፣ አንዱ የኔ ነው ይላል» አለ። «ዓሣውን የጠየቀ የለም።» ከዚያ ዞሮ ለወንዶቹ «መቅዘፊያ አስገቡ» አላቸው። ባሲሊዮ የራሱን መቅዘፊያ ትከሻው ላይ አድርጎ በዴልፊና አጠገብ ሲያልፍ ቀና ብሎ አላያትም። ወንዶቹ ተራ በተራ መቅዘፊያቸውን ተሸክመው ወደየቤታቸው ሲገቡ፣ መንደሩ ሬሳ የወጣበት ይመስል ነበር።

ዴልፊና አጎቷን ተከትላ ቤቱ ድረስ ገባች። «ማራን፣ መላ በል። ይኸው ረከሰ፣ ተረገጠ። ከዚህ በኋላ ምን ይሁን? ነሐሴ ላይ ሕዝቡን ድንጋይ ላብላው?»

«ድንጋዩማ የረከሰው እሱ ነው።»

«ማራን!»

ሽማግሌው «መላ አለው» አለ። «ያረከሰው ያንጻው። አሳማ ያምጣ።»

ዴልፊና እንደ ሕፃን ደስ አላት። አሳማ! ውቅያኖስ አቋርጦ መኪና ያመጣ መንግሥት አሳማ ያቅተዋል? ድንኳኑ ድረስ ሮጣ ሄዳ ለሻለቃው ነገረችው። ሻለቃውም መልካም ሰው ነውና ወዲያው ስልክ ደወለ። ሃዋይ አሳማው ለምን እንደሚፈለግ ጠየቀ። ለመሥዋዕት ነው ቢላቸው የሃይማኖት ጉዳይ ክፍል ገባበት። ለምግብ ነው ቢላቸው የእንስሳት ሐኪም መጀመሪያ ይየው አሉ። የሕዝብ ግንኙነት ነው ቢላቸው፣ ለሕዝብ ግንኙነት የተፈቀደው ኮፍያና እስክሪብቶ ነው ተባለ።

«ይህን ሁሉ ቱቦ የሚገዛ በጀት አሳማ አይገዛም?» አለች ዴልፊና።

«ቱቦ የራሱ መደብ አለው» አለ መቶ አለቃው አንገቱን ደፍቶ። «አሳማ መደብ የለውም።»

«ከኪሱ ይግዛ!»

«ስጦታ ይሆናል፤ ክልክል ነው። ግን ማም ካፕ... ሻለቃው የሚሉት፣ በስልቱ ላይ አንድ አንቀጽ አለ። አጋሮች ሸክም ይጋራሉ ይላል።»

ዴልፊና መጀመሪያ አልገባትም። ሲገባት የቀሩት መንጋጋዎቿ ሲንቀጫቀጩ ከድንኳኑ ውጪ ተሰማ።

«ማለትም እናንተ ታረክሱና እኔ አነጻለሁ።»

«እንደዚያ... ተብሎ አልተጻፈም።»

ጓሮዋ ውስጥ አንድ አሳማ ነበራት፤ ለልጇ ሰርግ ብላ በስኳር ድንች ያሳደገችው፣ ከመወፈሩ የተነሣ ለመዞር መጀመሪያ የሚያስብ አሳማ። እንግዲህ የዓለም ጉሮሮ ጥበቃ ዞሮ ዞሮ በዚህ አሳማ ጀርባ ላይ ወደቀ። ዴልፊና ገመድ አሰረችለትና ራሷ እየጎተተች ዳገቱን ወረደች። መንገድ ላይ ሴቶች «ካፕ፣ ሰርጉ ደረሰ እንዴ?» እያሉ ሲጠይቋት «አዎ፣ አሜሪካን እየዳርኩ ነው!» ትላቸው ነበር።

አሳማው ታረደ። ደሙ በድንጋዩ ላይ ፈሰሰ። ማራን ጉበቱን በሁለት መዳፉ ይዞ ለብርሃን አገላበጠው፤ ወንዶቹ ዙሪያውን ቆሙ፤ ሻለቃውም ኮፍያውን አውልቆ በአክብሮት ቆመ።

«ጉበቱ ጥሩ ነው» አለ ማራን።

ዴልፊና ተነፈሰች።

«ግን አይበቃም» አለ ማራን።

«ምን ጎደለ ደግሞ?»

«ይህ ሰውዬ እዚህ ድንጋይ ላይ ቆሞ ቀንደ መለከት በሚያህል ነገር ክፍት ነው፣ ክፍት ነው፣ ክፍት ነው ብሎ ጮኋል። እኔ የዘጋሁትን። የከፈተው አፍ ይዝጋው።»

መቶ አለቃው ሲተረጉመው ሻለቃው ፈገግ አለ፤ ከዚያ ፈገግታው ቀስ እያለ ጠፋ። በስልቱ ገጽ ሁሉ ላይ፣ በሽፋኑም፣ በጀርባውም «ክፍት» የሚል ቃል አለ። የአሜሪካ መኮንን የቻይና መርከብ እያየው በዚህ ባሕር ዳር ቆሞ «ዝግ ነው» ቢል...

እንደገና ስልክ ተደወለ። ሃዋይ ዋሽንግተንን ጠየቀ። ከረባት ያሰሩት ሰዎች ተሰበሰቡ። እነሱ ሲሰበሰቡ ዓሣው አይጠብቅም። ከዳገቱ ላይ በራሪ ዓሣዎች ከውሃው ብቅ እያሉ ሲሸሹ ይታያል፤ በራሪው ሲሸሽ ከኋላው የሚያባርረው አራዩ ነው። ባሲሊዮ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ፣ ገበያ እያለፈበት ሱቁ እንደታሸገበት ነጋዴ፣ እጁን አጣጥፎ ያያል። ዴልፊና በአጠገቡ በምታልፍበት ጊዜ ሁሉ «እኔን አትየኝ! እኔ አይደለሁም የጸደቀችው ቀስት!» ትለዋለች።

በመጨረሻ መልስ መጣ። ዋሽንግተን ብዙ ከመከረ በኋላ ሻለቃው «ወደቡ ገደብ በተደረገበት ሁኔታ ክፍት ነው» እንዲል ፈቀደ።

ማራን ሴቬሪኖ ይህ ሲነገረው የሳቀ መስሎ አስነጠሰ። «ገደብ በተደረገበት ሁኔታ ክፍት?» አለ። «በር ነው ወይስ ጠበቃ?»

ያኔ የዴልፊና ነገር አንገቷ ላይ ደረሰ። አጎቷን በአንድ እጇ፣ ሻለቃውን በሌላ እጇ ይዛ ከወደቡ በላይ ባለው ሣር ላይ፣ መጮህ ወደሚፈቀድበት ቦታ፣ ጎትታ አወጣቻቸው፤ መቶ አለቃውም ተከተለ።

«ስሙኝ ሁለታችሁም! አንተ ማራን፣ ከመናፍስቱ ጋር የተዋዋልከው ውል አለህ፤ ከእሱ ንቅንቅ አትልም። አንተ ሻለቃ፣ ከቀስትህ ጋር የተዋዋልከው አለህ፤ ከእሱ ንቅንቅ አትልም። እኔ የምነቀነቅ አንዲት ሴት ብቻ ቀረሁ፤ ተነቅንቄ ተነቅንቄ አለቅሁ! አልካንታራ፣ ጠይቅልኝ፤ ያ ስልት የተጻፈው በምን ቋንቋ ነው?»

«በእንግሊዝኛ ነው ማም ካፕ።»

«በኛ ቋንቋ ተጽፏል?»

«የለም።»

«እንግዲያው በኛ ቋንቋ ምን እንዳይል ነው የተከለከለው?»

መቶ አለቃው ለሻለቃው ተረጎመለት። ሻለቃ ዊትሎክ ወደ ቻይናው መርከብ አየ፣ ወደ ባዶዎቹ ቱቦዎች አየ፣ የተላጠ አፍንጫውን አሸት አድርጎ «እንዴት ነው የሚባለው?» አለ።

ዴልፊና ቃሉን ሰጠችው። ከአንዴም ሦስቴ አስጠናችው። የደሴቱ ቋንቋ ከጉሮሮ ሥር የምትወጣ አንዲት ድምፅ አለችው፤ ባዳ ያለ ሁለት ክረምት አይለምዳትም። ሻለቃው ሣሩ ላይ ሲለማመድ ደህና አላት። ወንዶቹ ሁሉ በተሰበሰቡበት፣ በደሙ ድንጋይ አጠገብ ቆሞ፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ በታላቅ ክብር ሲናገር ግን ያቺን ድምፅ ዋጣት። «ወደቡ ዝግ ነው» ሊል «ወደቡ አርግዟል» አለ።

መጀመሪያ ሳቁ ያመለጠው ባሲሊዮ ነው። አፉን በኮፍያው ሊያፍን ሞከረ፤ አልሆነም። ከዚያ አንዱ ተንበረከከ፣ አንዱ ጀልባ ተደገፈ። ወደቡ ላይ ጠብና ጩኸት እንጂ ሳቅ አልተከለከለም፤ እነሱም ለሳምንታት ያጠራቀሙትን ሳቁ። ሻለቃው ግራ ገብቶት እጁን ከደረቱ ሳያነሣ ቆሟል። ዴልፊና ግን አልሳቀችም፤ የምታየው የአጎቷን ፊት ነው። አሳማው ሄደ፣ ቃሉ ተበላሸ። ከዚህ በኋላ የቀራት መላ የለም።

ማራን ሴቬሪኖ ጢሙን እያሻሸ ውሃውን አየ። በራሪዎቹ ከቋጥኙ ፊት ለፊት እንደ በረዶ ይበተናሉ።

«አርግዟል» አለ ለራሱ። ቀምሶ እንደሚያጣጥም ሰው እንደገና «አርግዟል» አለ። ከዚያ ዞረ። «እርጉዝ ያለችበት ቤት ባዳ ይገባል?»

«አይገባም ማራን» አሉ ወንዶቹ።

«በሩስ?»

«ይዘጋል ማራን!»

«ይህ ሰውዬ እኔ ካልኩት የተሻለ ነው ያለው» አለ ማራን። «መቅዘፊያ አውጡ።»

ዴልፊና ድንጋዩ ላይ ቁጭ አለች። ልታለቅስ ፈልጋ ነበር፤ ነገር ግን መቶ አለቃው በዚያች ሰዓት መጥቶ «ማም ካፕ፣ ነገ ጠዋት መርከቡ መኪናውን ሊወስድ ይመጣል፤ እንዳልረሳው» አላት። ዕንባዋ መንገድ ላይ ቀረ።

«በየት በኩል?» አለች።

«በወደቡ ነዋ።»

«ወደቡ ዝግ ነው።»

«ማነው የዘጋው?»

ዴልፊና በጣቷ ሻለቃውን አሳየችው።

በመንደሩ በኩል ማውጣት አይታሰብም፤ በድንጋዮቹ ቤቶች መካከል ያለችው መንገድ ፍየልና ፍየል ሲገናኙባት አንደኛዋ ወደ ኋላ የምትመለስባት ናት። መኪናውን ለመበታተንም የሚያስፈልገው መፍቻ መርከቡ ላይ ነው፤ መርከቡ ደግሞ ባዳ ነው። ሻለቃው እስከ ሰኔ ከሰባት ወታደሮቹና ከመኪናው ጋር ኢማንቡ ቀረ። ዴልፊና ለሰባት ጎረምሳ ቦዬ እየቀቀለች ያቺን ቀስት የሣለውን እጅ በሦስት ቋንቋ ረገመችው።

ሻለቃው እየተሳቀቀ የደረሰበትን ሁሉ ጽፎ ላከ። ሃዋይ አሳጠረው። ዋሽንግተን ደግሞ ይበልጥ አሳጠረው፤ በመጨረሻ «ወሳኝ በሆነው የባሕር ቀጣና ዘላቂ መገኘታችን ተረጋግጧል» የምትል አንዲት መስመር ቀረች፤ ሻለቃውም ተመሰገነ። የቻይናው መርከብ፣ መኪናው ለምን እንደማይንቀሳቀስ ሚስጥሩን ሊደርስበት ባለመቻሉ፣ አንድ ሌላ መርከብ ጨምሮ ዓይኑን ሳይነቅል ይጠብቅ ጀመር። ሁለቱ ታላላቅ መንግሥታት በዚህ ሁኔታ ስልት ለስልት ተፋጠጡ።

ጀልባዎቹ ግን ወጥተው ነበር። የባሲሊዮ ጀልባ ስትመለስ ጠርዟ ከውሃው ጋር እኩል ሆና ነው፤ ከውስጧ ሰማያዊና ወርቅ የመሰለ አራዩ ይገላበጣል። ባሲሊዮ ከሩቅ «ካፕ!» ብሎ ጠራት፤ በዚያን ቀን ስሙን አልጠላችውም። ሴቶቹ ቢላ ይዘው ተቀመጡ፤ ዓሣው ተሰነጠቀ፣ ተዘለዘለ። በየደጃፉ ያለው ማድረቂያ ሞላ። አጥሩ ሞላ። የልብስ ገመዱም ሞላ፤ አሁንም ጀልባ እየገባ ነው።

ዴልፊና ዙሪያውን ማንጠልጠያ ፈለገች። ዓይኗ ከመኪናው ቱቦዎች ላይ አረፈ፤ ረጃጅም፣ ንጹሕ፣ ነፋስ የሚያገኛቸው። ሁለት ዓሣ በጭራቸው አስራ ወደዚያ ስትራመድ፣ ሻለቃ ዊትሎክ ክንዱ እስከ ክርኑ በዓሣ ቅርፊት እያብለጨለጨ ስልኩን ከኪሱ አወጣ።

«ካፕ፣ አንዴ... ሃዋይን ልጠይቅ» አለ፣ በተማራት የደሴቱ ቋንቋ።

«ሃዋይን ተወውና» አለች ዴልፊና፣ «ጨው አቀብለኝ።»